የጆንያ ማጠቢያው ግድብ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የምንተዳደረው በአሮጌ ጆንያ ነበር። ጤፍና ኑግ ጭኖ ከጎጃም የሚመጣው መኪና ጎጃም በረንዳ ሲያራግፍ እህሉ ወደ ባለ መጋዘኑ ይገባል፤ የተቀደደው፣ ዘይት የጠጣው፣ አይጥ የበሳው ጆንያ ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። እናጥበዋለን፣ እናሰጣዋለን፣ በሲባጎ እንጠቅመዋለን፣ ከዚያም መልሰን ለእህል ነጋዴው እንሸጠዋለን። የሰማ ሰው ይስቅብን ነበር። ግን በዚያ ዘመን መርካቶ ውስጥ ያለ ጆንያ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም፤ እኛም በእሱ ጎጆ ወጣን፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራን፣ ሰው ቀጠርን።

ችግራችን ውሃ ነበር። አንድ የኑግ ጆንያ እስኪጠራ ስንት ባልዲ እንደሚፈጅ የሚያውቀው ያጠበው ብቻ ነው። የሰፈሩ ቦኖ ደግሞ ለመጠጥ እንኳ ወረፋው አያደርስም። ስለዚህ ባለቤቴ ከሱቃችን ወደ ላይ፣ ሸለቆው ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ መሬት ገዛና በዚያ የምትወርደውን ትንሽ ወንዝ በአፈር ገደባት። በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ላይ ስለዋለ አፈር ማስደቅደቅ ያውቃል። ከገጠር ያስመጣቸው ዘመዶቹ እየቆፈሩ፣ በሬዎች እየተመላለሱ እየረገጡት፣ በአንድ በጋ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚያክል ግድብ ቆመ። በአንድ በኩል ኩሬው ነው፤ በሌላው በኩል ሣር የለበሰ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ በታች ደግሞ ወንዟን ተከትለው የተሠሩ ሃያ የሚሆኑ ጎጆዎች።

ግድቡ ባለቀ ሳምንት ባለቤቴ ከአናቱ ላይ ሰባት ባሕር ዛፎች ተከለ።

«ሥራቸው አፈሩን እንደ ስፌት ይይዝልናል» አለኝ።

አመንኩት። ዛፎቹም አላሳፈሩትም፣ ቶሎ ቁመት አወጡ። ከመካከላቸው ቀጥ ያለውን አንዱን ከጊዜ በኋላ ቆርጦ ለሱቃችን ምሰሶ አደረገው፤ ጉቶው እዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ምች ያዘውና በአንድ ሳምንት ተለየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጅ አልነበረንም።

ተዝካሩን ካወጣሁ በኋላ ሥራው ላይ ተመለስኩ። ሌላ ምን ላደርግ? ጆንያ የሚያጥቡልኝ አሥር ሴቶች ነበሩ፤ አለቃቸው ከሥልጤ አገር የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ሴት ናት። እሷና ጓደኞቿ ኩሬው ዳር ሲያጥቡ እኔ ግድቡ አናት ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር እቀመጣለሁ። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሸው ባለቤቴ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ኋላ ላይ ያደረግሁትን ለማስረዳት ካልሆነ አሁንም ባልተናገርኩት ነበር።

ተቆጣጣሪው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በከተማው ዙሪያ ያሉ የግል ግድቦችንና ኩሬዎችን እየዞረ እንዲያይ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ፣ አጠር ያለ ሰው ነው። ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦት ተጫምቷል። በእጁ በነጭና በቀይ ቀለም የተከፋፈለ ረጅም የብረት ዘንግ ይዟል። ሴቶቹ ገና ሲያዩት ሳቅ ጀመሩ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ሥራዬ ሆኖ ነው» አለኝና ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ረገጠው። በዘንጉ ወጋ ወጋ አደረገ። ፍልፈል የቆፈረውን ቀዳዳ ባየ ቁጥር በሆዱ ተኝቶ እጁን ይከታል። ኮቱ አፈር በአፈር ሆነ፤ እሱ ልብ አላለውም። ጉቶው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዛፉን ማን ተከለው?»

«ባለቤቴ።»

«የት አሉ?»

«አርፏል።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ከዚያ ጥያቄውን ቀጠለ። «በዚህ በታች በኩል፣ ከግርጌው፣ ውሃ ይወጣል?»

«ሁልጊዜም ትንሽ ይረጥባል።»

«የሚወጣው ጠርቶ ነው ደፍርሶ?»

«ማን አይቶት!»

«እንግዲያው ይዩት እመቤት። የጠራ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ከደፈረሰ ግን ግድቡን ይዞ እየወጣ ነው።»

ከዚያ የሚለውን አለኝ። ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ጠባብ ስለሆነ ክረምቱ ሲጠና አይችልም፤ መስፋት አለበት። እስኪሰፋ ድረስ ኩሬው ሞልቶ መያዝ የለበትም። ዛፎቹ ደግሞ ይነሳሉ። መቆረጥ ብቻ አይበቃም፣ በበጋ ሥራቸው ተቆፍሮ ይወጣና ጉድጓዱ ተመልሶ ይደቀደቃል።

«ሥሩ በሕይወት ሳለ አፈሩን ይሰነጥቀዋል፤ ሲሞት ደግሞ ይበሰብስና ቱቦ ይሆናል» አለ።

ስለ ቦዩ የተናገረውን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። የሰማሁት ዛፎቹን ብቻ ነው። ፊቴ ጋለ።

«ግድቡ የማን ነው?» አልኩት።

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያውስ!»

በዘንጉ ወደ ታች፣ ወደ ጎጆዎቹ አመለከተ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደጁ ላይ ድር ዘርግቶ እየሄደ እየመለሰ ነበር። «ግድቡ የእርስዎ ነው እመቤት። ከተናደ ግን የነሱ ነው የሚሆነው።»

በሳምንቱ ያንኑ የሚያዝ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ። ደብዳቤውን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩና አንድ ገንቦ ማር አሸክሜ ወደ ክርስትና አባቴ ሄድኩ። ክርስትና አባቴ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሹመት ላይ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ልቅሶዬ የውሸት አልነበረም፤ የነገርኳቸው ግን ስለ ዛፎቹ ብቻ ነው፣ ስለ ቦዩም ስለ ጎጆዎቹም አላነሳሁም። «የባልቴት ንብረት ላይ ምን አገባው!» አሉና ስልክ አነሱ። በቃ። ተቆጣጣሪው ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠም።

አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ አካባቢ፣ ተቆጣጣሪው ከአንድ ክፍለ ሀገር ከመጣ አውቶቡስ ሲወርድ ፊት ለፊት ተገናኘን። ያንኑ ዘንጉን ይዟል። ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳኝ።

«እመቤት፣ ውሃው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩና ሳልቆም አለፍኩት።

የዚያ ዓመት ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ጠና። ነሐሴ ሲገባ ፀሐይ ማየት ቀረ። ጎጃም በረንዳ ላይ ጭቃው የጋሪ ጎማ ይውጣል። የጾመ ፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሱቄን ከፍቼ ጆንያ ስጠቅም፣ የአጣቢዎቹ አለቃ ጆንያ አጥፋ ራሷ ላይ እንደ ቆብ ደፍታ፣ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ለብሳ ገባች። እሷ ሮጣ አታውቅም። ያን ቀን ሮጣለች።

«እትዬ፣ ይምጡ። ከግድቡ ሥር መሬቱ እንደ ድስት ይፈላል።»

ተከትያት ወጣሁ። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ልክ ከጉቶው ትይዩ፣ እንጀራ የሚያክል ቦታ ላይ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አተላ ይመስላል። አንድ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢያስረዳኝ እንደዚያ አይገባኝም ነበር። አለቃዋ የያዘችውን ጣሳ ተቀብዬ ሞላሁና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ከላይ ጠራ፣ ከሥሩ አንድ ጣት የሚሞላ ቀይ አፈር ተኛ። የግድቡ አፈር ነው። ባለቤቴ በበሬ ያስረገጠው አፈር።

ወደ ላይ ወጣሁ። ኩሬው ከግድቡ አናት ሊደርስ የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ቦዩ በአፉ ሞልቶ ይጮሃል።

ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለመሄድ ቁልቁል ሮጬ ያገኘሁት ሰይቼንቶ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እስኪደርስ ድረስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢያባርረኝስ? ሲሆን እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ካልሆነም የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እጮሃለሁ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ቀና ሲል አወቀኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ደፈረሰ» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «የት ጋ?»

«ከጉቶው ትይዩ።»

«ከአናቱ ምን ያህል ቀርቶታል?»

«አንድ ክንድ አይሞላም።»

ተነሳና ከጠረጴዛው ሥር ቦት ጫማውን ሳበ። ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ያን ዘንጉን በመስኮት አውጥቶ ይዞታል፤ እኔ እንባዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ያደረግሁብዎትን…»

«እመቤት፣ ጆንያ አለዎት?»

«ምን?»

«ባዶ ጆንያ። ብዙ ያስፈልገናል።»

እያለቀስኩ ሳቄ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ከጆንያ ሌላ ምን አለኝ!»

እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ይቅርታ አልተነጋገርንም።

እንደደረስን ውሃውን አንድ ጊዜ አየና መጀመሪያ ሰዎቹ ይውጡ አለ። አጣቢዎቹ በየጎጆው ተበተኑ። እኔ ለግድቡ ከሁሉ ወደሚቀርበው፣ ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ቤት ገባሁ። እግሩን የሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል።

«አባባ፣ ይውጡ፤ ግድቡ አስግቶናል።»

«ይህችን ጋቢ ሳልጨርስ? የሰው አደራ ናት ልጄ። ስንት ክረምት አልፏል፣ ይኼም ያልፋል» አለኝና መወርወሪያውን ወረወረ።

መለማመጥ አልቻልኩም። ጊዜ አልነበረም። «አባባ፣ ግድቡ የእኔ ነው። አስተካክዪው ተብዬ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጁ ቆመ። «አውቀሽ?»

«አውቄ።»

ከዚያ ከጉድጓዱ ወጣና ድሩን መጠቅለል ጀመረ። «በይ ያንን ጫፍ ያዢ» አለኝ። ድሩ ሳይወሳሰብ እኔና እሱ ተሸክመን ከፍ ብሎ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አወጣነው። ሰዉ ሕፃኑን አዝሎ፣ ዶሮውን ታቅፎ፣ እየተንሸራተተ ይወጣል። አንዲት ሴት አጠገቤ ስትደርስ «ባልሽ ቢኖር ይህን አያደርግም ነበር» አለችኝ። ዛፎቹን የተከለው እሱ መሆኑን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወደ ጎጃም በረንዳ ወረድኩ። ኩሊዎቹ ዝናቡን ሸሽተው መጋዘን በረንዳ ላይ ተኮልኩለዋል። መንገዱ መሃል ቆሜ ጮህኩ። «ግድቤ ሊናድ ነው! ከታች ቤቶች አሉ! እርዱኝ!» ሁሉም ያውቁኛል፤ ስጮህ ግን ሰምተውኝ አያውቁም። ለመኸር ያዘጋጀሁትን ጆንያ ሁሉ ከመጋዘን አውጥተው ጋሪ ላይ ጫኑት። ለግንባታ የሚሆን አሸዋ የጫነ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ወሬውን ሰማ፣ «ለባለ አሸዋው እኔ እነግረዋለሁ» አለና መኪናውን ሽቅብ አዞረ።

አንድ ጉልበተኛ ኩሊ የመጀመሪያው ሆኖ ደረሰ። ሁለት እጁን ሙሉ ጭቃ አፍሶ ውሃው የሚፈላበት ላይ ሊጠቀጥቅ ሲል ተቆጣጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አትድፈነው!»

«ታዲያ ዝም ብለን እንየው?»

«ከደፈንክበት በሌላ በኩል ይወጣል፤ የት እንደሆነ ደግሞ አናውቅም። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። እኛ የምንፈልገው ይኼንን ብቻ ነው።»

አፈር የሞላናቸውን ጆንያዎች በሚፈላው ቦታ ዙሪያ እንደ ጉድጓድ አፍ ደረደርናቸው፤ እስከ ጉልበት ድረስ። መሃሉ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ጨመርን። በዚያው ሰዓት ሌሎቹ በስተግራ በኩል፣ ከግድቡ ራቅ ብሎ ባለው ጥንቱን ባልተነካ መሬት ላይ አዲስ ቦይ ይቆፍራሉ። ግድቡን በዶማ የሚነካ እንዳይኖር ተቆጣጣሪው ራሱ መሃል ላይ ቆሟል። የቦዩ ወለል እንዳይሸረሸር የእኔን ጆንያ አነጠፉበት፣ በላዩ ድንጋይ ጫኑበት። የጠቀምኳቸውን እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ። ጭቃ ውስጥ ሲገቡ እያየሁ ደስ አለኝ።

ቦዩ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልከፈትነው አለ። እሱ ግን አፉን በስንዝር በስንዝር ነው ያስከፈተው።

«ግድቡ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ውሃው በድንገት ከሸሸበት በወዲያ በኩል ይንሸራተታል። ቀስ በሉ።»

ቀስ ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ተቆጣጣሪው ዘንጉን ኩሬው ዳር ተክሎታል። አንዱ ነጭ መስመር ልክ ከውሃው በላይ ነበር። እያየነው ግማሹ ተዋጠ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ዶማው ቆመ፣ ወሬው ቆመ። የአጣቢዎቹ አለቃ አጠገቤ ሁለት እጇን ዘርግታ በቋንቋዋ ትለምናለች፣ እኔ እመቤታችንን እጠራለሁ። ሽማግሌው ሸማኔ መቼ ከቤተ ክርስቲያኑ እንደወረደ አላየሁም፤ ቀና ስል ከኩሊዎቹ መሃል ቆሞ ድንጋይ ያቀብላል።

«አንድ ስንዝር ጨምሩ» አለ ተቆጣጣሪው። ጨመሩ። «አሁን እንጠብቅ።»

ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላውቅም። ዘንጉን ትክ ብዬ ሳየው ዓይኔ ደከመና ጨፈንኩ። አንድ ሰው ሲጮህ ነው የገለጥኩት።

«ነጯ ወጣች! ያቻትና!»

መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን ነበረች። ከዚያ ሰፋች። ዝናቡ ሳያባራ፣ ውሃው ግን ይጎድላል። አዲሱ ቦይ ከሚገባው የበለጠ እያወጣ ነው። ከታች ደግሞ አለቃዋ ጣሳዋን ይዛ ወደ ጆንያው ክብ ወረደች፣ ቀዳች፣ ወደ እኔ አመጣችው። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። የጣሳው ሥር ይታያል፤ የቆርቆሮው ዝገት እንኳ ሳይቀር።

«ጠራ እትዬ» አለችኝ። «እንደ ዝናብ ውሃ ጠራ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ከበበኝ፣ ያመመኝ መሰላቸው። አላመመኝም። ደረቴ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተጫነኝ ነገር ሲነሳ ነው፤ ምናልባትም ከጠዋት ሳይሆን ከፋሲካ ጀምሮ። ትንፋሼ እስከ ሆዴ ድረስ ሲወርድ ተሰማኝ። ኩሊዎቹ አንዱ የአንዱን ፊት በጭቃ እየቀቡ ይሳሳቃሉ። አንድ ሰው ቆሎ አመጣ፤ በእጅ በእጃችን ቆነጠርን።

ተቆጣጣሪው አጠገቤ ተቀምጦ ቦት ጫማውን አወለቀና ውሃውን ደፋ።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይመስሉም ነበር እኮ ጋሼ!»

«ቢታወቅብኝ ማን ይቆፍር ነበር?»

ለሦስት ቀን ከግድቡ ሥር ሰው እየተፈራረቀ አልጠፋም። በአራተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ኩሬው መጉደሉን አየና ሰዎቹን «ግቡ» አላቸው። አንድ ጎጆ አልፈረሰም፤ አንድ ዶሮ እንኳ አልጠፋም። ያቺ ስለ ባሌ የተናገረችኝ ሴት ዕቃዋን ተሸክማ ስትመለስ አገኘኋት። ሰላም አላለችኝም፤ ግን እንስራዋን ሳወርድላት አልከለከለችኝም።

በሳምንቱ ወደ ክርስትና አባቴ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ባዶ እጄን። ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። «እኔንም ሰው ልታስገድዪኝ ነበር እኮ» አሉኝ። ስልኩን አንስተው ተቆጣጣሪው ወደ ግድቤ እንዲመለስ፣ ማንም እንዳይከለክለው ተናገሩ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ ደጅ ስደርስ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

በበጋው ዛፎቹ ተነሱ። ጉቶው ሲቆፈር ተቆጣጣሪው ጠራኝና «እጅዎን ይክተቱ» አለኝ። የበሰበሰው ሥር ትቶት የሄደው ቀዳዳ ውስጥ እጄ እስከ ትከሻዬ ገባ። ቀዝቃዛ ነው። እጄን አወጣሁና አለቀስኩ፤ ለዛፎቹ አልነበረም። ባለቤቴ ይህን አያውቅም ነበር። በቅን ልቡ የተከለው ነው፤ ቢያውቅ ኖሮ በገዛ እጁ ይነቅለው ነበር። ይህን ሳስብ ከእሱም ጋር የታረቅሁ መሰለኝ።

ጉድጓዶቹ እየተደቀደቁ ተሞሉ። ግድቡ ሲሶው ተቀንሶ ዝቅ አለ፣ ቦዩም ሰፍቶ በድንጋይ ተገነባ። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲልና ሲወጣ ይመጣል። እኔም ከኋላው እየተከተልኩ የፍልፈል ጉድጓድ እቆጥርለታለሁ። ሥራውን ሲጨርስ ቤቴ ገብቶ ምሳ ይበላል፤ ወጥ ላይ በርበሬ ሲበዛ ያስለዋል፣ ለእሱ ስል አልጫ አሠራ ነበር። ሴቶቹ በቦት ጫማው መሳቅ ትተዋል። አንዷ እንዲያውም «እኔም አንድ ቢኖረኝ» ትል ነበር።

ዓመታት አለፉና ቧንቧ ወደ እኛ ሰፈር ገባ። ኩሬው አላስፈለገንም። ተቆጣጣሪው በደረቅ ወር መጥቶ ግድቡ በየት በኩል፣ በምን ያህል እንደሚቆረጥ በዘንጉ መሬት ላይ አሰመረ፤ ያው ኩሊዎች መጥተው ቆፍረው ከፈቱት። ትንሿ ወንዝ ድሮ በነበረችበት አለፈች። ሽማግሌው ሸማኔና ጎረቤቶቹ ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያም ጭቃው ሲደርቅ ጎመን ለመዝራት መሬቱን በእርምጃ ተከፋፈሉት። አዝናለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላዘንኩም።

ወደ ግቢዬ ስመለስ የአጣቢዎቹ አለቃ አዲሱ ቧንቧ ፊት ቆማለች። ከፈተችው፣ ውሃው ወረደ። ዘጋችው፣ ቆመ። እንደገና ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አይ እትዬ» አለች እየሳቀች፣ «በቃህ ሲሉት እሺ ማለቱን እያየሁ ነው።»